ልጄን በጀናዛ ቃሬዛ ያወጣሁ ዕለት

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ እናት በወሊድ መሞት የለባትም የሚል ነገር በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ አንድ ጽሑፍ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ያን ጽሑፍ ግን ልጄን አስገብቼ ውጪ ስቀመጥ ደጋግሜ ስላነበብኩት አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እለዋለሁ። የጻፈውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የኔን ሰፈር መንገድ አይተኸዋል ወይ?

ቤቴ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ በፈላና በር ገብቶ፣ ዳገቱን ወጣ ብሎ። ግንቡን የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ በጠዋት በራፌ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ አለ። ግድግዳውን ያነሳል፣ ቀለሙን ያነሳል፣ እኔን ከገዛ ደጄ ዞር በልልኝ ይለኛል። መንገዳችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካሳለፈ ሦስተኛው ኖራውን በልብሱ ይጠርጋል። የተጫነች አህያ ከመጣች ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አህያዋ አትመለስም። ለፎቶ ያምራል። ለምጥ አያምርም።

ልጄ የመጨረሻዬ ናት። ያገባችው ከከተማው ውጪ፣ ሶፊ ገጠር ነው፤ ባሏ ጫት ያለማል። የበኩር ልጇን አባቷ ቤት ትውለድ የሚባል ወግ አለና ወሯ ሲገባ አመጣናት። ከተማ ነው፣ ሐኪም ቅርብ ነው ብለን! ሶፊ ባሏ ቤት ብትቆይ ኖሮ መኪና ደጃፏ ድረስ ይመጣላት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ወገቧን ያዛት። እኔና እናቷ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ያኔ ገና በእግሯ ትሄዳለች። የተቀበለችን አዋላጅ ከልጄ የማትበልጥ ወጣት ናት።

«አባባ፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ» አለችኝ።

«ልጄ ናት።»

«ልጅዎ ብትሆንም።»

ጠበቅሁ። አይታት ወጣች። «ገና ነው። የመጀመሪያ ስለሆነ ይቆያል። ቤት ሄዳ ትንቀሳቀስ፤ ሲጠናባት ይዛችኋት ኑ።»

«እዚሁ ግቢ ውስጥ ብትንቀሳቀስስ?»

«አልጋ የለም አባባ።»

«ሰው አልጋ ላይ ነው እንዴ የሚንቀሳቀሰው?»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ነፍሰ ጡሮች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አዋላጇ አልሳቀችም። «ሥራ አያስፈቱኝ» አለች። «ሥራሽ ይሄ መስሎኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘ።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ፣ «አንተ አፍህን ብትይዝ ኖሮ ያስቀምጧት ነበር» አለች። ሐሰት ነው። ዘበኛው እኛን ሲያወጣን፣ አፋቸውን የያዙ ሌሎች ሴቶችም ከኛ ጋር እየተመለሱ ነበር። ጨዋነት አልጋ አይሆንም።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ስመለስ ቤቴ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። የሽርት ውኃዋ ፈሷል። ውኃው ብቻ ቢሆን ደግ፤ ደም ተከትሎታል። ምጡም ባንዴ ጠንቶባታል። ሚስቴ ጎረቤታችንን አሮጊቷን ጠርታለች። እኚህ ሴት በጉልበታቸው ዘመን የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ ናቸው፤ ልጆቼ ሁሉ እሳቸው እጅ ላይ ነው የወደቁት። ደሙን ሲያዩ ከደጃፉ አላለፉም።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። «ደም ቀድሟል።»

«የሚያውቁትን ያድርጉ እንጂ!»

«መንግሥት እጅሽን ሰብስቢ ብሎኛል። ሥራሽ ነፍሰ ጡር አጅቦ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው ብሎ አስተምሮኛል። ደግሞ ልጅህ እጄ ላይ ብትሞት መጀመሪያ የምትከሰኝ አንተ ነህ፤ አውቅሃለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ እከሳቸው ነበር። «እንግዲያስ ያጅቧት!» አልኳቸው።

«በእግሯ ትሄዳለች እንዴ አሁን? ዓይንህ አያይም?» ብለው ጮኹብኝ።

አምቡላንስ ተደወለ። እኔ አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ሮጬ ወረድኩ። ፈላና በር ላይ፣ በሽንኩርትና በከሰል ሻጮች መሐል ቆሞ መብራቱን ያሽከረክራል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይዛችኋት ኑ» አለኝ።

«በምን?»

«በሰው ነዋ።»

ከኋላው ያለውን ተንቀሳቃሽ አልጋ አሳየሁት። ጎማ አለው፣ ንጹሕ ነው፣ ማሰሪያ ቀበቶ ሁሉ አለው።

«ይሄ ለአስፋልት ነው አባቴ። የናንተ ሰፈር ደረጃ ነው። ባለፈው አስገብቼው ጎማው ተነቅሎ ተጠየቅሁበት።»

«ሴትየዋስ?»

«የቷ ሴትዮ?»

«አልጋው ላይ የነበረችው!»

«እሱን አላውቅም። እኔ የተጠየቅሁት ስለ ጎማው ነው።»

ይህን ሰው አልመታሁትም። የከለከለኝ ዕድሜዬ ነው፤ ትዕግሥት አይደለም።

ተመልሼ ስወጣ የበርጫ ሰዓት ደርሷል። ሐረር ላይ ከቀትር በኋላ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ጫቱን ይዞ ትራስ ተደግፏል። ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው በርጫ ቤት ዘው ብዬ ገባሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ትከሻ ነው።

«ልጄ ደም እየፈሰሳት ነው። ተነሱና እስከ በሩ አውርዱልኝ።»

ትራሱን የለቀቀ አንድም የለም። ኋላ አንዱ፣ ጉንጩ በጫት ያበጠ፣ «አባ፣ የሰው ሚስት ገላ እንዴት እንነካለን? ሐራም ነው» አለ።

«ብርድ ልብሱን ያዙ እንጂ ገላ ንኩ ማን አላችሁ?»

«ብትወድቅብንስ? ደሟ በኛ ላይ ይሆናል።»

«አረፍ ይበሉ አባ፤ የአምቡላንሱ ሰዎች ራሳቸው መላ ያመጣሉ» አለ ሌላው። እንዲያውም አንድ ቅንጥብ ጫት ዘረጋልኝ። ተቀብዬ እዚያው ምንጣፉ ላይ ረገጥኩትና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴና አሮጊቷ በፕላስቲክ ወንበር ሊያስቀምጧት ሞክረው ወደ ፊት ተደፍታባቸዋለች፤ ደሙም ብሷል። ፊቷ ኖራ መስሏል። መቀመጥ አትችልም። መተኛት አለባት፤ ተኝታ የሚያወርዳት ነገር ደግሞ የለም። ያኔ ነው መስጊዱ ትዝ ያለኝ።

መስጊዱ ከቤቴ ጀርባ ነው። ግድግዳው ላይ የአፎሻችን ቃሬዛ ተደግፎ ይቆማል። አፎሻ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሠርግ ያግዛል፣ ሰው ይቀብራል። ያ ቃሬዛ በስንቱ መታጠፊያ ስንቱን ሰው አውርዷል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ለሰፈሩ መንገድ ተለክቶ የተሠራ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ስጎትተው የመስጊዱ ኻዲም አየኝ። ጠራጊውም፣ ዘበኛውም፣ የቃሬዛው ጠባቂም እሱ ነው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ካስቆምከኝ ግን ሁለት ሰው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልጄን ላወርድበት ነው። ምጥ ላይ ናት።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። «በሕይወት ያለ ሰው እዚህ ላይ አይተኛም! ደግሞ ደም... ነጃሳ አድርገህ፣ አርክሰህ ልትመልስልን? ነገ የሰው ጀናዛ በምን ይወጣል?»

«በታጠበ ቃሬዛ።»

«ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ።»

«ሂድና ጠይቃቸው። እኔ እየሄድኩ ነው።»

«ያለኔ አይወጣም!» ብሎ አንዱን ጫፍ ጨበጠ። የጨበጠው ሊነጥቀኝ ነው። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ ሳልለቅ፣ እሱም ሳይለቅ፣ እየተጓተትን ቤቴ ደረስን። የመጀመሪያውን ተሸካሚ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

ልጄ ቃሬዛው በበሩ ሲገባ አየችው።

«አባ፣ ምንድነው ይሄ? ሞቻለሁ እንዴ?»

«አልሞትሽም። ተኚ።»

«አልተኛም!»

ሚስቴ ደረቷን መታች። አሮጊቷ «ሟርት ነው! በቁሟ ልትቀብራት ነው!» አሉ። ኻዲሙ ደሙን አየ፤ ካየ በኋላ ስለ ነጃሳ ሁለተኛ አልተናገረም። ፍራሽ አነጠፍንበት፤ ከነጩኸቷ አንስተን አጋደምናት። ሚስቴ፣ የመንገድ ወንድ ገላዋን እንዳያይ ብላ፣ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ በነጠላ ሸፈነቻት። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊ ጩኸቱ አላሰፋ ቢለው ሥራውን ትቶ መጣ። እሱና ኻዲሙ ከፊት ያዙ። አራተኛ ሰው ስለጠፋ ከኋላ ሁለቱንም እንጨት እኔ ያዝኩ።

ወጣን። መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ በጥላ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለና ገብቶ አንዱን እንጨት ከእጄ ተቀበለኝ። እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ ያየ ሰው ጥቂት እርምጃ ሳይሸከም አይቀርም፤ አጅሩ፣ ከአላህ የሚገኘው ምንዳ፣ ትልቅ ነው። የአፎሻው ቃሬዛ፣ ነጭ የተሸፈነ ሰው፣ ከፊት ኻዲሙ፤ ሰውየው ሌላ ምን ይምሰለው?

በሕይወት አለች ልለው አፌን ከፈትኩ። ሳልጨርስ ከፊት ሌላ ሰው መጥቶ ልብስ ሰፊውን ሲተካው አየሁ። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ባለ አህያው አህያዋን በጭራዋ ጎትቶ ሰው ግቢ ውስጥ አስገባት። የበርጫው ቤት በር ተከፈተ፤ ያ ጉንጩ ያበጠው፣ የሰው ሚስት ገላ አልነካም ያለው፣ ጫቱን እንትፍ ብሎ የቀረኝን እንጨት ተቀበለኝና ትከሻውን ሰጠ። የማን ናት ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

አፌን ዘጋሁ።

ኻዲሙ ዞር ብሎ አየኝ፤ እሱም ዘጋ። ሬሳ ሲሸከሙ መፍጠን ሱና ነው፤ ይሮጣሉ ማለት ይቻላል። ያን ጠባብ መንገድ እንደዚያ ፈጥኜ ወርጄው አላውቅም። በየበሩ ሰው ይነሳል፣ በየበሩ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይባላል። እኔ ግን ከአጠገባቸው እየሮጥኩ በልቤ አንድ በአንድ እረግማቸው ነበር። ለምትወልድ ሴት አንድ ትከሻ ያላዋጣ ሰፈር ለሬሳ ይሻማል! አጅሩ የሚገኘው ሰውየው ቃሬዛ ላይ ዝም ካለ ብቻ ነው እንዴ?

የፈላና በር ጫት ሻጮች መንገዱን ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ናቸው። ሹም ቢመጣ አይነሱም። ቃሬዛውን ሲያዩ ጫታቸውን ከነጆንያው ሰብስበው ግድግዳው ላይ ተጣበቁ። ከነሱ ወዲያ አምቡላንሱ ይታየኛል። ልጄ የጮኸችው እዚያ ነው።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። ነጠላው ተንሳፍፎ ወደቀ። ጉንጫሙ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ እንጨቱን ለቀቀ። ሌላውም ለቀቀ። ቃሬዛው ባንድ ጎን ዘመመ፤ በጉልበቴ ደገፍኩት።

«ምን ትቆማላችሁ?» አለች ልጄ። «ተሸከሙኝ እንጂ! እስክሞት ነው የምትጠብቁት?»

አንድም ወንድ አልተጠጋም። የተጠጋችው አንዲት ጫት ሻጭ ናት፤ ደንደን ያለች፣ ድምጿ ገበያ የሚያቋርጥ። «ምጥ ላይ ናት እኮ! እናንተ ወንዶች የምታውቁት ሬሳ ብቻ ነው!» ብላ የወደቀውን ጫፍ አነሳች። ጓደኛዋም ሌላውን ያዘች።

እኛ ዘንድ ሴት ጀናዛ አትሸኝም። ቃሬዛ መሸከም ቀርቶ ከኋላው አትከተልም። ኻዲሙ ከፊት ሆኖ፣ «ሴት አትይዝም፣ ሴት...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትሸከማለህ ወይስ ታወራለህ?» አለችው።

ተሸከመ።

ሹፌሩ ቃሬዛ ወደሱ ሲመጣ አይቶ የኋላውን በር ደርግሞ ዘጋ። «ሬሳ አልጭንም! ይሄ የወላድ መኪና ነው!»

ልጄ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ ሰደበችው። ምን እንዳለችው አልጽፈውም፤ ከኔ የተማረችው አይደለም። በሩ ተከፈተ።

ሆስፒታል የተቀበለችን አዋላጅ ደሙን አይታ መጀመሪያ የተቆጣችው እኛን ነው። «ይህን ያህል ደም እስኪፈሳት ቤት ምን ትሠሩ ነበር? ለምንድነው ሁልጊዜ የምትዘገዩት?»

«እናንተው ገና ነው ብላችሁ መለሳችኋት!»

«እኔ አልመለስኳትም አባባ።»

«ሁላችሁም ያው አንድ ጋዋን ናችሁ!»

አልጋውን እየገፋች ሮጠች። በሩ ተዘጋ። እኔና፣ ዘግየት ብላ ወርዳ አምቡላንሱ ላይ የደረሰችብን ሚስቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ቀረን።

ኮሪደሩ በሴት ተሞልቷል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ወላድ፣ የአንዷ ራስ ከሌላዋ እግር ጋር፣ ተጋድመዋል። ፍራሽ አንጥፋ መሬት የተኛች አለች። ከድሬ ጠያራ የመጣች አንዲት እናት፣ ልጇ ምጥ ላይ ሆና ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም፣ ከሥሯ ቁጭ ብላ እግሯን ታሻለች። ያቺው አዋላጅ ተመልሳ መጥታ ከአንዷ ወደ አንዷ ትሮጣለች፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ሌላ ሰው የላችሁም?» አልኳት።

«ያለነው የምታዩን ነን።»

ይህን ሰምቶ የሚያዝንላት ሰው ይኖራል። እኔ አላዘንኩላትም፤ ልጄ ውስጥ ነበረች።

ወንድ ልጅ ወለደች፤ በቀዶ ሕክምና ነው የወጣው። ደም ተሰጣት። ሐኪሙ ወጥቶ፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር አለን። ሚስቴ መሬት ላይ ሱጁድ ወረደች። አዋላጇ ሕፃኑን ጠቅልላ አምጥታ ለሚስቴ አቀፈቻትና ወደኔ ዞረች።

«አባባ፣ አሁንም ይሰድቡኛል?»

«አንቺን ትቼሻለሁ። ያቺን የጤና ጣቢያዋን ግን አልተውኳትም።»

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

የአፎሻው ሽማግሌዎች የጠሩኝ ልጄ ገና ሆስፒታል እያለች ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ክሱ ብዙ ነው። ቃሬዛውን አነጀስክ፤ ያን ሰዓት ሰው ቢሞት በምን እናወጣው ነበር፤ ሕዝብ ሬሳ ነው ብሎ ተሸክሟል፤ በዲን ቀለድክ፤ ሴት አሸከምክ።

«አፉ በሉኝ በልና ይለቅ» አለኝ ትልቁ።

«ቃሬዛውን እኔና ኻዲሙ አጥበነዋል። አፉ በሉኝ ግን አልልም።»

«ነገ ስትሞት በሱ አይደለም እንዴ የምትወጣው?»

«ከሆነ በሱ፤ ካልሆነ በአህያ። ያኔ እኔ አልቸኩልም።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ አፈጠጡበት። እኔም ከመጣሁ አይቀር ብዬ፣ ሌላ ቃሬዛ እናሠራ አልኳቸው፤ መስጊዱ ሳይሆን ሰው ቤት የሚቀመጥ፣ ለምጥና ለታመመ።

«እሱ የመንግሥት ነው» አሉ። «አፎሻ የሚያወጣው የሞተን ነው።»

«መንግሥት ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ በሰው አውርዷት ይላል። የኔ ልጅ የቀረችው እናንተና መንግሥት መሐል ነበር። ብትሞት ኖሮ ሁላችሁም ትመጡ ነበር፤ ቃሬዛውም፣ ትከሻውም፣ ዱዓውም። ጥሪ አያስፈልጋችሁም ነበር!» አልኩና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛው በሰንሰለት ታስሯል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰላምታ የለንም። የጎደለብኝ ነገርም አላየሁም።

ልጄ ቤት ገብታ፣ ሰው ጥየቃውን ጨርሶ፣ ሁለታችን ብቻ በቀረንበት አንድ ከሰዓት ሕፃኑን እያጠባች ጠራችኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ሰዎቹ ላ ኢላሃ ኢለላህ ሲሉ እሰማ ነበር። እርስዎ ለምን በሕይወት አለች አላሏቸውም?»

«ብላቸው ኖሮ ጥለውሽ ይሄዱ ነበር።»

ሕፃኑን ከአንዱ ጡቷ ወደ ሌላው አዞረችው።

«ነጠላው ፊቴ ላይ ነው፤ ምንም አይታየኝም። ሕመሙም ለአፍታ ተወኝ። ሁሉም ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላል። የእርስዎን ድምፅ ጠበቅሁ፤ እርስዎ ዝም ብለው የማያውቁ ሰው! አባቴ ዝም ካለ በቃ ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩ። የጮህኩት ምጡ መስሎዎት ነበር? ድምፅ ይወጣኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።»

ከሕፃኑ እግር የወደቀውን መጠቅለያ አንስቼ ሰጠኋት።

«ነገም ቢሆን መንገድ ከለቀቁልሽ ዝም እላለሁ።»

«እኔም እጮሃለሁ» አለችና ሕፃኑን ልታስገሳው ትከሻዋ ላይ አደረገችው።